ሬዲዮ ዝም ያለችበት ክፍል

ድምጿ ሁልጊዜ ከሷ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። ገና ከታች ደረጃውን ስትጀምር፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች “መጣች” ይላሉ። በራቸው ሳይከፈት ዘፈኗ በቀዳዳ ገብቶ ሰላም ብሏቸው ያልፋል። ስሙን ያወጡላት በልብስ ስፌት ድርጅቱ አብረዋት የሠሩ ሴቶች ናቸው። “ሬዲዮ” አሏት፤ ያውም መዝጊያው የወለቀ ሬዲዮ። አለቃቸው፣ ያ ፈገግታ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ይመስል ጥርሱን የማያሳየው ሰውዬ፣ አንድ ቀን እሷ ታማ ስትቀር ወደ አዳራሹ ብቅ ብሎ “ዛሬ ምን ሆናችሁ? ለቅሶ ቤት መሰላችሁኝ እኮ!” ብሎ ነበር አሉ።

ያኔ አዳራሹ ሙሉ ነበር። የስፌት መኪናዎቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረው፣ የጨርቅ ብናኝ እንደ አመዳይ በሴቶቹ ቅንድብ ላይ አርፎ፣ የፊተኛው ረድፍ ግጥም ይጥላል፤ የኋለኛው ያነሳል። ምቱን የሚመታው የእግር መርገጫው ነው። ፈጠን ያለ ዘፈን የተነሳ ቀን ስፌቱ ይንሻፈፋል፤ ለስለስ ያለው ሲነሳ ደግሞ መስመሩ ቀጥ ይላል። ሬዲዮ ይህንን ስለምታውቅ ለሸሚዝ አንገትጌ የሚሆን ዘፈንና ለትራስ ልብስ የሚሆን ዘፈን ለይታ ታስቀምጥ ነበር። አንገትጌ ሲሆን ቀስ ብላ ታወርደዋለች።

*የተቀደደ ልብስ ይሰፋል በመርፌ፣*
*የኔን ልብ ሰፊ አጣሁ ተሰልፌ።*

“ወረፋው ረዝሞብሽ ነው!” ይሏታል ከኋላ፤ ሳቁ ከመኪናው ድምፅ በላይ ይወጣል።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ አልወለዱም። አንድ ጊዜ እንደወትሮው ጭነት ጭኖ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ በሌላ ከተማ ሌላ ቤት እንደያዘ ወሬው ደረሳት። ሰው ሲጠይቃት “መንገዱ ረዘመበት መሰለኝ” ትላለች፤ ያን ብላ ወዲያው አንድ ነገር ታንጎራጉራለች፣ ጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ እንዳያስከትል። ድርጅቱም ጊዜው ደርሶ ተዘጋ። የተዘጋጀ ልብስ በየሱቁ ሞላ፤ ሴቶቹ አንዷ ወደ ልጇ፣ አንዷ ወደ አልጋዋ፣ አንዷ ወደማይመለሱበት ተበተኑ። ሬዲዮ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ተሸክማ ቤቷ አስገባች፣ መስኮቱ ሥር አቆመችው፣ የሰፈሩን ሱሪ ማሳጠር ጀመረች።

ለብቻ መዝፈን ግን እንግዳ ነገር ነው። ግጥሙን ትጥላለች፤ የሚያነሳው የለም። በልምድ ትንሽ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ የኋለኛው ረድፍ እስኪመልስ። ግድግዳው ይመልስ ይመስል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እራሷ ትመልሳለች። እንዲህ ሁለት ሰው ሆና ስትዘፍን ያያት ሰው ባይኖርም፣ እሷ ግን ታፍራለች።

ወደ ሆስፒታል የወሰዳት ይኸው የስፌት መኪና ነው። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ዩኒፎርሟን ልታስሰፋ መጣች። ደንዳና፣ ሳቂታ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ናት።

“ልብሱ ነው የጠበበው፣ እኔ አልወፈርኩም” አለች ገና ሳትቀመጥ።

“አውቃለሁ፣ ልጄ። ያሁኑ ጨርቅ ዓመሉ ነው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያጥራል” አለች ሬዲዮ።

ሲስተር ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅም ሌላ ነገር ጠየቀቻት። ለሕፃናት የምትሆን የእጅ ጓንት፣ ጣት የሌላት፣ እንደ ከረጢት ያለች። የሆስፒታሉ ትልቅ ነው፤ ይወልቃል። “ፊታቸውን ይቧጭራሉ” አለች። “ደግሞ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ እማማ። ወደ ውስጥ ከሆነ ቆዳቸውን ይልጠዋል።”

ስፌት ወደ ውጭ! ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት መደበቅ የተማረች ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌቱን ለዓለም አሳይታ ለስላሳውን ወደ ውስጥ አደረገች። እያንዳንዷ ጓንት ከአውራ ጣቷ ብዙም አትበልጥም ነበር። ጨርሳ በነጭ ጨርቅ ቋጠረቻቸውና ራሷ ልታደርስ ሄደች።

ክፍሉ ከረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ መብራቱ ዝቅ ብሏል፤ የስልኩን ደወል በፎጣ ጠቅልለውታል። ነርሶቹ የሚራመዱት ወለሉ የተኛ ይመስል ነው። ከዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል አንድ ልቅሶ ሰማች። የተራበ ልጅ ልቅሶ ታውቃለች፤ የጎረቤት ልጆችን ስንቱን አዝላለች። እንቅልፍ የመጣበትንም፣ የተቆጣውንም ታውቃለች። ይህ ግን ከነዚያ አይደለም። ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ ማረፊያ የሌለው፤ መርፌ ጨርቁን ስቶ ብረት ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር።

“እማማ፣ እጅዎን ይታጠቡና ይቺን ይያዙልኝ” አለቻት ሲስተር፤ ሌላ ሕፃን ላይ ጎንበስ ብላለች። “ዛሬ ሰው አነሰን።”

ሕፃኗ ሴት ናት። ሬዲዮ በጨርቅ እንደተጠቀለለች ተቀበለቻት። ክብደት የላትም፤ ግን እንደተወጠረ ክር ትርገበገባለች። አገጯ ይንቀጠቀጣል። ግንባሯ ላይ ላብ አለ። አፏ ጡጦውን እንደ ጠላት ይዞ ይለቃል፣ ይዞ ይለቃል። ጉልበቷ ከአንሶላው ጋር ተፋትጎ ቀልቷል። ለልቅሶ ደግሞ ሬዲዮ የምታውቀው አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር። ፊቷን አስጠጋች፣ ዓይኗን የሕፃኗ ዓይን ላይ ተከለች፣ ከወገቧ መወዛወዝ ጀመረች፣ ድምጿንም ለቀቀች።

*ተኚልኝ አበባ፣ ተኚልኝ ጨረቃ፣*
*እኔ እጠብቅሻለሁ ፀሐይዋ እስክትነቃ።*

ሕፃኗ ግትር አለች። ጀርባዋ እንደ ቀስት ተለጠጠ። አስነጠሳት፤ ደግሞ አስነጠሳት፤ ከዚያ የጠጣችውን ሁሉ ሬዲዮ ደረት ላይ መለሰችው፤ ልቅሶዋም መጋረጃውን ሊቀድ ደረሰ።

“እማማ! ሬዲዮውን ይዝጉት!” አለች ሲስተር በሹክሹክታ። ቅጽል ስሟን አታውቅም ነበር፤ እንዲሁ አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው። ሬዲዮ ግን በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች። ድምፅሽን ዝጊ ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ሲስተር መጥታ ሕፃኗን ተቀበለቻት። ክንዶቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለቻት፣ ፊቷን ከራሷ ፊት ወደ ውጭ አዞረችው፣ ሳትወዛወዝ፣ ሳትናገር፣ ዝም ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ልቅሶው ወዲያው አልቆመም። ግን እንደ ዝናብ ቀስ እያለ ሄደ።

ኋላ ኮሪደሩ ላይ ሻይ እየጠጡ አስረዳቻት። እናትየው በእርግዝናዋ ወራት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ ቀጥሎም ለሱስ የሚታዘዝ መድኃኒት ትወስድ ነበር። እናት የምትወስደው ሁሉ በእትብት በኩል ለልጅም ይደርሳል። ልጅ ስትወለድ እትብቱ ይቆረጣል፤ ያም አብሮ ይቆረጣል። “አካሏ የለመደውን እየፈለገ ነው እማማ። መንቀጥቀጡ፣ ማስነጠሱ፣ ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከዚያ ነው። ሲብስባቸው አተነፋፈሳቸው ይዛባል፤ አንዳንዶቹን ያንዘፈዝፋቸዋል። ለዚህ ነው ዓይናችን ከነሱ ላይ የማይነሳው። ለሷ በጠብታ መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ቀስ በቀስ እየቀነስን እናወርዳታለን።”

“ሱሰኛ ናት በይኛ፣ ልጅቱ” አለች ሬዲዮ፣ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ።

“የለም!” የሲስተር እጅ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ገፋው። “እንዲያ አይበሉ። ሱስ የሚባለው ሰው ፈልጎ፣ እየጎዳውም መተው ሲያቅተው ነው። ይቺ ምን ፈለገች? ይቺ የታመመች ልጅ ናት፤ ታክማ የምትድን። ደግሞ አሁን ዓለም ለሷ ብዙ ነው። ብርሃኑ ብዙ ነው፣ ድምፁ ብዙ ነው። ድምፅ፣ ዓይንና መወዛወዝ አንድ ላይ ሲመጡባት እንደ ዱላ ነው የሚያርፍባት። አንዱን ብቻ። ሲያቅፉ እቅፍ ብቻ። ስታዛጋና ስታስነጥስ ‘በቃኝ’ ማለቷ ነው።”

ሬዲዮ ቤቷ ስትገባ ደረጃው ላይ አልዘፈነችም። ጎረቤቶቹ አሟት እንደሆነ ጠየቁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ማንም አልጠራትም። “ጓንቱ በልክ መሆኑን ላይ ብዬ ነው” አለች፤ ሲስተርም እጇን ወደ መታጠቢያው ዘረጋችላት። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት መምጣት ልማድ ሆነ። የሆስፒታሉ ሰዎች “አቃፊ” ይሏታል፤ ነጭ ሽርጥ ሰጧት። ሕፃኗ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚያስነጥሳት ነርሶቹ “እንጥሾ” ብለው ነበር የሚጠሯት። ስታስነጥስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛዋም፣ ሐኪሙም፣ ከያሉበት በሹክሹክታ “ይማርሽ” ይላሉ።

ዝም ማለት ከባድ ትምህርት ነው። ሬዲዮ መጀመሪያ አካባቢ ከንፈሯን ነክሳ ትይዘው ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ ዘፈን ይመላለሳል፣ ልክ ክፍል ገብታ መውጫ እንዳጣች ወፍ። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር መስማት ጀመረች። የሕፃኗን ትንፋሽ፤ ሲቸኩል፣ ሲደናቀፍ፣ ሲረጋ። የራሷን ልብ ምት፤ ኋላ ኋላ የሕፃኗ ጀርባ ያንን ምት ተደግፎ ሲላላ። አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ ስትጥል የሚያነሳላት ያገኘችው እዚህ ነበር፤ ያለ አንዲት ቃል። ግጥሙ ቢመጣባትም በሆዷ ብቻ ትለዋለች።

*አፌን ዘጋሁልሽ፣ ዓይኔን ሰበርኩልሽ፣*
*ከዚህ ሌላ ፍቅር ከወዴት ላምጣልሽ።*

እናትየው ትመጣ ነበር፤ ግን እስከ በሩ መስታወት ብቻ። ቀጭን ወጣት ሴት ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ ትቆማለች። አንድ ሰው ቀና ብሎ ሲያያት የለችም። ሬዲዮ ታሪኳን ያወቀችው ከሲስተር ነው። ዳቦ ቤት ነበር የምትሠራው። የዱቄት ከረጢት ተሸክማ ወድቃ ወገቧ ተጎዳ፤ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት። መድኃኒቱ ሕመሙን ይዞት ሄደ፤ ግን እሷንም ይዟት ሄደ። ማዘዣው ሲያበቃ ከመንገድ መግዛት ጀመረች። ማርገዟን ስታውቅ በአንድ ቀን ልትተወው ቆረጠች፤ ምርመራ ላይ ያገኛት ሐኪም ነው ያስቆማት። በድንገት ማቆም በሆድ ያለውን ልጅ ሊገድለው እንደሚችል ነግሯት፣ ልክ ያለው የሕክምና መድኃኒት አስጀመራት። አንድም ቀን ሳታጎድል ወሰደች። ከወለደች በኋላ ግን አክስቷ መጥታ አልጋዋ አጠገብ ቆመችና “ገና በሆድሽ ሳለች መረዝሻት” አለቻት። ከዚያ ቃል ወዲህ ልጇን ነክታት አታውቅም።

አንድ ቀን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትረሳ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሬዲዮ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከሲስተር ጋር የምትነጋገረውን ሰማች። እንጥሾ ጠብታዋን ልትጨርስ ተቃርባለች። ከዚያ ትወጣለች። እናትየው እስከዚያ መጥታ ካላቀፈቻት፣ መመገብና ማረጋጋት ካልተማረች፣ ሌላ ቤት ይፈለግላታል።

“ሌላ ቤት ማለት?” አለች ሬዲዮ፤ መናገሯን እራሷም አላወቀችም።

“የሚያሳድጋት ሰው፣ እማማ።”

“ብቻውን የሚኖር ሰውም ይሆናል?”

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየቻት። “ይሆናል። ይጠናል እንጂ፣ ይሆናል። እናትየው ካልመጣች ነው ታዲያ።”

የዚያን ዕለት ሬዲዮ ቤቷ ገብታ ጠረጴዛዋን ከግድግዳው ገፋች። መኪናውን ወደ በሩ ብታስጠጋው፣ ቁም ሳጥኑን ብታዞረው፣ መስኮቱ ሥር ለትንሽ አልጋ የሚሆን ቦታ ይወጣል። ብርሃኑ እንዳይበዛባት መጋረጃው ይደረባል። ባዶው ቦታ ላይ ቆማ እጆቿን አጣጥፋ አየችው። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠባብ መሰላት፤ ደስ አላት። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ ስትመጣ በመጀመሪያ የምታየው የበሩን መስታወት ሆነ። ባዶ ሆኖ ስታገኘው ልቧ ቀለል ይላል። ቀለል ማለቱን ደግሞ ታውቀዋለች፤ አውቃም ዝም ትለዋለች። በልቧ እንኳ “አትምጪ” አላለችም። ያልመጣች እንደሆነ ብቻ ነበር የምታስበው።

መጣች።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ክፍሉ እንደወትሮው ዝቅ ባለ ብርሃን ተኝቷል። እንጥሾ ሬዲዮ ደረት ላይ አንቀላፍታለች። በሩ ተከፈተና ወጣቷ ሴት ገባች፤ ከረጢቷን እንደ ጋሻ ይዛዋለች። ሲስተር እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀችላት እጇን አሳጥባ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ሬዲዮም ተነስታ ሕፃኗን ሰጠቻት። ክንዷ ሲለቃት ቀዘቀዛት። ገና ሲስተር አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል፣ ከማዶ የአንዱ ሕፃን የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ጮኸ፤ ሲስተር ወደዚያ ሮጠች።

እናትየው ልጇን አየች። ስንት ዘመን የተጠራቀመ ነገር ባንድ ጊዜ ፈነዳ። “እናቴ፣ የኔ እመቤት፣ ይቅር በይኝ፣ የኔ ዓለም” ትላለች፤ ትስማታለች፤ ዓይኗን ትፈልጋለች፤ ጀርባዋን ትመታለች፤ ወዲያና ወዲህ ትወዘውዛታለች። ሁሉንም ባንድ ላይ። እንጥሾ ዓይኗን ገለጠች። አዛጋች። አስነጠሳት። “ይማርሽ” የሚል አልነበረም። ከዚያ ያ ቀጭን ልቅሶ መጣ፤ ሬዲዮ ከሰማችው ሰነባብቶ ነበር። ጀርባዋ ተለጠጠ፤ አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ትንንሽ ጓንቶቿን አየሩ ላይ ወረወረች።

እናትየው ፊቷ አመድ መሰለ።

“ታውቀኛለች” አለች። ድምጿ አልጠነከረም። “ያደረግኳትን ታውቃለች።”

ሕፃኗን አልጋዋ ላይ አስተኛቻት፣ ከረጢቷን አነሳች፣ በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሬዲዮ ቀረች። ጎንበስ ብላ እንጥሾን አነሳቻት፣ ክንዶቿን ሰብስባ ጠቀለለቻት፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረችው። ልቅሶው እንደ ዝናብ ቀስ እያለ ሄደ። ለካ እንዲህ ቀላል ነው፤ ምንም አለማድረግ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ከእንግዲህ አትመለስም፤ ይሄንን ከጀርባዋ አንብባዋለች። ማንም አላባረራት። መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ታያት፤ መጋረጃው፣ የተጠጋው መኪና፣ ጧት ጧት የምትነሳለት ሰው። መርፌ ክር እስኪገባለት ያህል ቆመች። ሕፃኗ አንገቷን መልሳ አፍንጫዋን የሬዲዮ ጡት ላይ አሻሸች፤ የማይገኝ ነገር ፈለገች፤ ፈለገችና ተወችው።

ከማዶ የመቆጣጠሪያው ጩኸት ቆሟል። “ሲስተር” አለች ሬዲዮ። “ነይ ያዢልኝ።”

እናትየውን ያገኘቻት ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ተቀምጣ ከረጢቱ ላይ ተደፍታለች። ከከረጢቱ አፍ ትንሽ ቢጫ ካልሲ ብቅ ብላለች።

“ተነሺ ልጄ።”

“ጠላችኝ እማማ። አዩ አይደል? እርስዎ ጋ ተኝታ ነበር። እኔን ስታይ ነው የጮኸችው።”

“እኔንም መጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው የተቀበለችኝ። ዘፈንኩላት፤ አስመለሰችብኝ።”

ወጣቷ ቀና አለች። እንባዋ አገጯ ላይ እንደተንጠለጠለ “ዘፈንዎ ደስ የማይል ሆኖ ይሆናላ” አለች።

“አፍሽን ያዢ!” ሬዲዮ አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ጓ አለ። “አዳራሽ ሙሉ ሴት ያሠራሁበት ድምፅ ነው። እሷ ጋ ግን ድምፅ አይሠራም። ድምፅና ዓይንና መወዛወዝ አንድ ላይ ሲመጡባት እንደ ዱላ ያርፍባታል። እኔም አላውቅም ነበር፤ ሲስተር ናት ያስተማረችኝ። አንቺ የወራት ፍቅርሽን በአንድ ጊዜ ዘረገፍሽባት። በዛባት እንጂ አልጠላችሽም።”

“ታውቃለች እማማ። ሰውነቷ ያውቃል። እኔ ነኝ ያሳመምኳት።”

“ምኑን ነው የምታውቀው? ገና ጡትና ጡጦ ያልለየች ልጅ ያንቺን ታሪክ ታውቃለች?” ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “የታዘዘልሽን ባትወስጂ ኖሮ እዚህ ላትደርስ ትችል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። አክስትሽ ይሄንን አልጨመረችም። ታማለች፤ አዎ። እየዳነች ነው። ሽታሽን ግን ትፈልጋለች። እኔ ጋ ስትፈልገው አጣችው፤ አሁን፣ እዚሁ፣ አንቺ እንደወጣሽ” አለች።

ይሄን የመጨረሻውን ስትናገር ወደ ወጣቷ አላየችም። ደረጃውን ነው ያየችው።

“ደግማ ብታለቅስስ?”

“ታለቅሳለች። አልቅሳ ታቆማለች። ነይ።”

ሲገቡ ሲስተር ሕፃኗን ይዛ መሃል ክፍሉ ቆማ ነበር። ምንም አልጠየቀችም። እናትየውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ሸሚዟን ከላይ ከፈተችላት፣ ሕፃኗን ገላዋ ላይ ለጠፈቻት፣ ከላይ ስስ ብርድ ልብስ ደረበች። ሬዲዮ ከኋላ ሆና ሁለቱን የእናትየውን ክንዶች ያዘች።

“አትሳሚያት” አለች በጆሮዋ። “ዛሬ እቅፍ ብቻ ነው። ነገ ድምፅ ታመጫለሽ። ዓይኗን አትፈልጊ፤ ራሷ ስትፈልግ ታመጣዋለች። ዝም ብለሽ ተንፍሺ።”

እንጥሾ አለቀሰች። የእናትየው እግር ሊነሳ ሲል ሬዲዮ ትከሻዋን ጫን አለችው። አለቀሰች፤ አዛጋች፤ አስነጠሳት።

“ይማርሽ” አለች እናትየው፣ በትንፋሿ ብቻ።

ከዚያ ሕፃኗ አፍንጫዋን አሻሸች፣ አሻሸች፣ አገኘችው። ሲስተር አፏን በጣቷ አቅንታ አስያዘቻት፤ ሐኪሙ ፈቅዷል፤ ወተቷም ቤቷ እያለበች ስላቆየችው አልደረቀም፤ የእናትየው መድኃኒት በልክ ስለሆነ ለሕፃኗ ይበጃታል እንጂ አይጎዳትም። አንድ ሁለት ጊዜ አመለጣት። ኋላ ያዘች። የእግሯ ጣቶች ተፈቱ። መንቀጥቀጡ እንደ አሮጌ ጨርቅ እየሳሳ እየሳሳ መጣና፣ ብርድ ልብሱ ላይ አልታይ አለ። እናትየው እንባዋ እየወረደ ነው፤ ልጇ ላይ እንዳይንጠባጠብባት አገጯን ወደ ጎን አዙራዋለች፤ አፏ ግን ተዘግቷል።

ሬዲዮ እጇን ከትከሻዋ አነሳች። ማንም አላስተዋለም።

“ማዶ ያለው ወንድ ልጅ አቃፊ ይፈልጋል” አለቻት ሲስተር በሹክሹክታ፣ ክንዷን ነካ አድርጋ። ዓይኗ ብዙ ነገር ያወቀ ይመስላል። “ወይስ ዛሬ ይብቃዎት?”

“ነገ” አለች ሬዲዮ። “ነገ እይዘዋለሁ። ዛሬ እጄ ዝሏል።”

እጇ አልዛለም ነበር። ሽርጧን አውልቃ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው፣ ኮሪደሩን አለፈች፣ ደረጃውን ወረደች። ውጭ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ከክፍሉ ደብዛዛ ብርሃን የወጣን ዓይን ታጥበረብራለች። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚቸኩል ይመስላል። አውቶቡሱ መጣ፤ ተገፍታ ገባች፤ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከመስኮቱ አጠገብ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

ጥቂት እንደሄዱ ሴትዮዋ የሬዲዮን ትከሻ አየት አደረገች። “እናቴ፣ ወተት ፈሶብዎታል” አለችና ከቦርሳዋ መሀረብ አወጣች። “የልጅ ልጅ ነው? እንደዚህ ናቸው እኮ፣ ያለ ምልክት አይለቁም!”

ሬዲዮ አንገቷን አዙራ አየችው፤ ትንሽ ነጭ እድፍ ነው፤ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል።

“የለም” አለች። “የሰው ናት።”

መሀረቡን አልተቀበለችም። ሴትዮዋም መሀረቡን መልሳ አጣጠፈችው። አውቶቡሱ በየፌርማታው እየቆመ ሰው ያወርዳል፤ ወራጁ እየበዛ፣ ወንበሩ እየሰፋ ሄደ።